የትብብር ደብዳቤ ይዛ ደጃችሁ ለቆመችው ተማሪ በር ክፈቱላት

ለ፦ በሐዋሳ ከተማ ለምትገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የጤና ተቋማት፣ ፋብሪካዎችና ማኅበራት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የሶሲዮሎጂ ተማሪዎችን ስለ መቀበል

ይህ ደብዳቤ የወጪ ቁጥር የለውም፤ ማኅተምም አላረፈበትም። በተለመደው አሠራር ከሄድን ከመዝገብ ቤቱ መስኮት የሚመለስ ወረቀት ነው። በአደባባይ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ነገሩ ስለ ጎረቤቴ ልጅ ነው። የሶሲዮሎጂ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው ርዕስ ከገጠር መጥተው በየሰው ቤት የሚሠሩ ልጃገረዶች የማታ ትምህርት ጀምረው ለምን እንደሚያቋርጡ ነው። ርዕሱን ከየትም አልቀዳችውም። እናቷ ቤት ተራ በተራ ከሠሩት ሦስት ልጆች አንዷም ስምንተኛ ክፍል አልደረሰችም፤ የከነከናት ይኸው ነው። ከእናንተ የፈለገችው አንድ ገጽ የማይሞላ ቁጥር ነበር፦ በመስከረም ስንት ሴት ተመዘገበች፣ በሰኔ ስንቷ ቀረች፣ በየክፍሉ። ስም አልጠየቀችም፤ አድራሻም አልጠየቀችም።

የዩኒቨርሲቲዋን የትብብር ደብዳቤ በላስቲክ ክላሴር ይዛ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አምስት ቀን ተመላለሰች። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ደብዳቤው «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባለች፤ የሚመለከተው ክፍል ግን እንዳልደረሰው ማለ። በሦስተኛው ቀን ባለሙያው መስክ ወጥቷል። በአራተኛው ቀን ተገኘና «ሶሲዮሎጂ ደግሞ ምንድን ነው? ተምረሽ ምን ልትሆኚበት ነው?» አላት። በአምስተኛው ቀን መረጃው ምስጢር ነው ተባለች። መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራውም፤ ብጠራው ሌሎቻችሁ «እኛ አይደለንም» ብላችሁ እፎይ ትላላችሁ።

እኔም ከዓመታት በፊት በዚሁ ትምህርት ተመርቄ ዛሬ ኑሮዬን የምገፋው ለጥናት መረጃ በመሰብሰብ ነው። ስለዚህ የአራተኛው ቀን ጥያቄ እኔንም ይነካኛል። ባለሙያው መልስ ፈልጎ እንዳልጠየቀ ይገባኛል፤ ቢሆንም እመልስለታለሁ።

ሶሲዮሎጂ የሚለውን ስም ለዓለም ያስለመደው ፈረንሳዊው ኦጉስት ኮምት ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ1830ዎቹ መጨረሻ። ግማሹ ላቲን ግማሹ ግሪክ የሆነ፣ ከሁለት ጨርቅ የተሰፋ ስም ነው። «የማኅበረሰብ ጥናት ነው» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ እንዲህ ሲባል ግን ሰሚው ራሱን ነቅንቆ ምንም ሳይጨብጥ ይሄዳል። የሚሻለው ተማሪዎቹ የትብብር ደብዳቤያቸውን ይዘው የት የት እንደሚሄዱ መከተል ነው። ከአንድ ክፍል ተነሥተው አንዷ ወደ ሆስፒታል፣ አንዱ ወደ ማረሚያ ቤት፣ ሌላዋ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ሌላው ወደ ቀበሌ፣ ወደ መነኸሪያ፣ ወደ ዕድር፣ ወደ እንሰት ማሳ ይበተናሉ። የሕግ ተማሪ መንገዱ ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ የነርስ ተማሪ መንገዷ ወደ ታካሚዎች ክፍል ነው። ይኼኛው ትምህርት ግን በከተማዋ ውስጥ የማያንኳኳው በር የለም። «ጫፉ የማይያዝ ትምህርት» የሚል ስም ያተረፈውም በዚሁ ስፋቱ ነው።

ከጤናው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2000 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት መካከል በጤና ተቋም የተወለዱት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት 26 በመቶ ደረሱ። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ከአራት ወሊድ ሦስቱ ያኔም ከጤና ተቋም ውጭ ነበር። ሐኪሙ ምጡን ያውቃል። የሶሲዮሎጂ ተማሪዋ የምትጠይቀው ምጡ ከመጣ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ የሆነውን ነው፦ «እንሂድ» ያለው ማን ነው? ገንዘቡ በማን እጅ ነበር? አማትየዋ ምን አሉ? በዘርፉ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባል ነገር አለ፤ ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ ጤና ተቋም በመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ አገልግሎት በማግኘት መዘግየት። የመጨረሻው በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ሊነበብ ይችላል። የመጀመሪያው ግን በየትኛውም የታካሚ ካርድ ላይ አይጻፍም፤ እቤት ድረስ ሄዶ ቡና ጠጥቶ የሚሰማ ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ይህች ከተማ ላለፉት ዓመታት የኖረችው ከእርሱ ጋር ነውና። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ መሐንዲሱ ሼዱን ሠርቶ ጨርሶ ነበር፤ ኢኮኖሚስቱም የሚገኘውን የውጭ ምንዛሪ አስልቶ ነበር። ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው መጡ። የት ያድራሉ? አንዲት ክፍል ስንት ሆነው ይከራያሉ? በማታ ፈረቃ ወጥተው በየትኛው መንገድ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ? አባት ቤት ስንት ይልካሉ? ባይልኩስ ምን ይባላሉ? ሠራተኞቹ ቶሎ ቶሎ ሲለቁ የተሰጠው ቀላል መልስ «የሥራ ባህል የላቸውም» የሚል ነበር። አንድ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ግን ደመወዙን በአንድ ዓምድ፣ የቤት ኪራዩንና የምግቡን ወጪ በሌላው ዓምድ ጽፎ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ስለ ባህል ለማውራት ጊዜ አለ።

ይህ ጥያቄ ለትምህርቱ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም የተወለደበት ጥያቄ ነው። የትምህርቱ አባቶች የሚባሉት ማርክስም፣ ዱርካይምም፣ ዌበርም በየመንገዳቸው ሲሟገቱ የኖሩት በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ የገበሬ ልጅ ከፀሐይና ከዝናብ ሰዓት ወደ ፋብሪካ ደወል ሲሸጋገር በእርሱና በዘመዶቹ መካከል ያለው ክር ምን እንደሚሆን ነበር። እኛ ያንን ታሪክ በተግባር የምናይበት ፓርክ ደጃችን ላይ አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከፓርኩ ዋና ዋና ኩባንያዎች አንዱ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አገራችን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የምትልክበት የአጎዋ ዕድል ተቋረጠ። ዜናው ስለ ኤክስፖርት ብዙ አወራ። እነዚያ ልጆች ግን ወዴት ሄዱ? ወደ ወላጆቻቸው ቤት ነው? ወደ ሌላ ከተማ? ወደ ዓረብ አገር? ይህንን ከኤክስፖርት ሰንጠረዥ ላይ አታገኙትም። የትብብር ደብዳቤ የያዘች ተማሪ ግን ልታገኘው ትችላለች፤ የጥበቃ ቤቱን ካለፈች።

ማረሚያ ቤቱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። እዚያ የሚሄደው ተማሪ የሚጠይቀው ሰውየው ምን እንዳጠፋ አይደለም፤ እርሱን ፍርድ ቤቱ ጨርሶታል። የሚጠይቀው ሲፈታ ማን እንደሚቀበለው ነው።

ወደ ዕድር የሚሄዱት ደግሞ ዕድለኞች ናቸው። ማክስ ዌበር የቢሮክራሲ መለያ ብሎ የዘረዘራቸው ነገሮች አሉ፤ የተጻፈ ደንብ፣ የተከፋፈለ ኃላፊነት፣ የተጠበቀ መዝገብ፣ ለዘመድና ለባዳ እኩል የሚሠራ ሥርዓት። የሰፈራችንን ዕድር አስቡት፦ ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ቀሪ የሚቀጣበት ደንብ አለው፣ ድንኳኑና ድስቱ በመዝገብ ሰፍሯል። ደብዳቤ ይዛችሁ ብትሄዱ በሚቀጥለው ስብሰባ መልስ ታገኛላችሁ። (ንጽጽሩን ለእናንተ እተወዋለሁ።) የሲዳማን ሽማግሌዎች የሶንጎ ሸንጎ የሚያጠናው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበውን ፊቼ ጫምባላላን ሰው ከሰው ጋር የሚታረቅበት በዓል አድርጎ የሚያየውም ከዚሁ ክፍል የወጣ ተማሪ ነው። የወንጀል ችሎትና የዛፍ ሥር ሽምግልና ለእርሱ አንድ ጥያቄ ናቸው፤ ሰዎች ሲጣሉ የሚያምኑት ማንን ነው?

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተማረኝን ገጠመኝ ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር መጠይቅ ይዤ ሄድኩ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት አጠገብ ተቀምጬ ሦስተኛውን ጥያቄ አነበብኩላቸው፦ «የቤተሰብዎ ብዛት ስንት ነው?»

«የሚበሉትን ነው ልጄ፣ የሚያድሩትን?» አሉኝ።

አልገባኝም። ዘረዘሩልኝ፤ የወንድማቸው ሁለት ልጆች እርሳቸው ዘንድ ይበላሉ፣ አያታቸው ቤት ያድራሉ። አንድ የአገራቸው ልጅ እርሳቸው ዘንድ ያድራል፣ የሚበላው ግን አሠሪው ጋ ነው። ባለቤታቸው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በወር አንዴ ይመጣሉ፣ ገንዘቡ ግን በየሳምንቱ ይመጣል። የእኔ ወረቀት ላይ ያለችው ሳጥን አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምትይዘው። 6 ብዬ ጻፍኩና ወደ አራተኛው ጥያቄ ዘለልኩ። አማካሪ መምህሬ ወረቀቱን ሲያዩ «እነዚህ ስድስቱ እነማን ናቸው?» አሉኝ። መመለስ አቃተኝና በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ።

ሰው ቆጠራ ቀላል ሥራ የሚመስለው ቆጥሮ ለማያውቅ ሰው ነው። በቆጠራ አሠራር ቤተሰብ ማለት አብሮ የሚኖርና ኑሮውን በጋራ የሚገፋ ሰው ስብስብ ነው፤ በሥጋ መዛመድ ግዴታ አይደለም። ይህንን ሳያጣራ የሚጻፍ ቁጥር ለቤት ዕቅድም፣ ለውሃ ዕቅድም፣ ለምግብ ዕርዳታም አይበጅም። አገራችን ደግሞ እስካሁን ሕዝቧን የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ የምንሠራው በትንበያ ነው። ሐዋሳን የሚያህል ከላይ ከታች የሚያድግ ከተማ በትንበያ ሲመራ፣ አንዲትን ትንሽ ነገር በሥርዓት ቆጥራ የምታመጣ ልጅ ደጃችሁ ስትቆም አምስት ቀን ማመላለስ ምን የሚሉት ብልኅነት ነው?

እዚህ ላይ አንድ የውጭ አገር ታሪክ አለ፤ ለእናንተ የሚስማማ ስለሆነ አልተወውም። ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ብቻውን የሚወስነው የሚመስለው ነገር፣ ራስን ማጥፋት፣ ከትዳር፣ ከሃይማኖትና ከማኅበራዊ ትስስር ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ እንደሚል አሳየ። ሶሲዮሎጂ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው ለማለት ብዙዎች ዛሬም የሚጠቅሱት ይህንኑ ሥራ ነው። ቁጥሮቹ ግን ከሰማይ አልወረዱም። ከፈረንሳይ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው የተገኙት፤ 26,000 ያህል መዝገቦችን የእህቱ ልጅ ማርሴል ሞስ ተቀምጦ ለየ። የሚኒስቴሩ የወንጀል ስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ ማን ነበር? ጋብርየል ታርድ። ታርድ ዱርካይም በሐሳብ የሚሟገተው ዋነኛ ባላጋራው ነበር፤ ማኅበረሰብ የሚቆመው ሰው ሰውን በመኮረጁ ነው ይል ነበር፤ ዱርካይም ደግሞ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ ሐሳብ ነው የሚያፈርሰው። ታርድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ማስባል ይችል ነበር። በሩን ከፈተ፤ ዱርካይምም በመቅድሙ አመሰገነው። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ የማንኛችሁም ባላጋራ አይደለችም።

የእኛንም ወገን ጥፋት አልደብቅም። በየግቢው በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ወረቀት ከማባዛት አልፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ይሸጣሉ። የሌላ ከተማ ስም ተነሥቶ ሐዋሳ ይገባበታል፣ ዓመቱ ይቀየራል፣ አለቀ። መጠይቁን ዶርም ውስጥ ተቀምጠው ራሳቸው የሚሞሉም አሉ። ነውር ነው፤ ያደረጉትን አልከላከልላቸውም። ነገር ግን ያቺ ልጅ በአምስተኛው ቀን ማታ እኔ ቤት መጥታ «አንድ የሚጽፍልኝ ሰው አለ ይላሉ» ስትለኝ፣ የሚሸጥላትን ሰው ብቻ መርገም አልቻልኩም። የጊዜ ገደቧ እየደረሰ ነው፤ በኪሷ የቀራት የባጃጅ ሒሳብ ነው። በር የተዘጋበት ሰው በአጥር ሲዘል አይቶ «ሌባ» ከማለት በፊት በሩን ማን እንደዘጋው መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ምስጢር ነው» ለሚለው መልስ ደግሞ ፊት ለፊት እንነጋገር። የታካሚ ካርድ ምስጢር ነው፤ እስማማለሁ። የታራሚ ፋይል፣ የተደፈረች ልጅ ስም፣ የሠራተኛ የግል ማኅደር፣ እነዚህን ማንም ተማሪ ቢጠይቃችሁ ከልክሉ፤ እኔም አብሬያችሁ እከለክላለሁ። በጥናት ሥነ ምግባር ኮርስ መጀመሪያ የምንማረው ይህንኑ ነው፤ ፈቃድ ሳይጠየቅ አይጠየቅም፣ ስም አይወጣም፣ ሰውየው በቃኝ ሲል ይቆማል። ድምር ቁጥር ግን ሌላ ነገር ነው። በየሩብ ዓመቱ ለበላይ አካል በሪፖርት የምትልኩት፣ በስብሰባ አዳራሽ በስላይድ የምታሳዩት፣ አንዳንዴም በሬዲዮ የምትናገሩት ቁጥር ተማሪ ሲጠይቀው በምን ምስጢር ይሆናል? የምገምተውን ልናገር፤ የሚፈራው ምስጢሩ መውጣቱ ሳይሆን በመስከረምና በሰኔ መካከል ያለው ልዩነት መታየቱ ነው። ይህ ፍርሃት ይገባኛል። ግን ልዩነቱን ያመጣችው ተማሪዋ አይደለችም።

«ምን ልትሆኚበት ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተድበሰበሰ መልስ አልሰጥም። ከሶሲዮሎጂ የሚመረቅ ሁሉ ሥራ አያገኝም። አገሪቱ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከመቶ ተማሪ 70ውን ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ለማኅበራዊ ሳይንስ ስትመድብ፣ ብዙ ወላጅ የገባው «ሠላሳዎቹ የተረፉ ናቸው» የሚል ነበር። ልጆቹም ክፍል የሚገቡት እንደ ተረፈ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም ተጨምሮባቸዋል። ሆኖም በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ በሴፍቲኔት፣ በማረሚያ ቤት፣ በግብረ ሰናይ ድርጅት፣ በጥናት ተቋም ሄዳችሁ ብትጠይቁ ሰው ቤት ገብቶ አክብሮ የሚጠይቅ፣ የተነገረውንና ያልተነገረውን ለይቶ የሚጽፍ ባለሙያ ይፈለጋል። ያ ሙያ በክፍል ውስጥ ብቻ አይገኝም። ስፌት መኪና ሳይነኩ ልብስ ስፌት እንደማይለመድ ሁሉ፣ ቢሮና ሰፈር ሳይዞሩ ሶሲዮሎጂ አይለመድም። መለማመጃችን እናንተ ናችሁ።

የምጠይቃችሁ በጀት አይፈልግም። በየመሥሪያ ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ የሚቀበል አንድ ሰው ይሰየም፤ ስሙና የቢሮ ቁጥሩ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ይለጠፍ። ደብዳቤው በገባ በሳምንት ውስጥ ይቻላል ወይም አይቻልም ይባል። አይቻልም ከሆነ በወረቀት ላይ ይጻፍላት፤ ለአማካሪዋ አሳይታ ርዕሷን ትቀይራለች፣ ጊዜዋም አይባክንም። ይህን ያህል ነው። አንድ ነገር ግን ከእርሷ ጠይቁ፤ ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ ኮፒ ታምጣላችሁ፣ ተቀምጣም ታስረዳችሁ። ያለዚያ ጽሑፉ ትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ እናንተም በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጥያቄ ለማስጠናት ከአዲስ አበባ ባለሙያ ታስመጣላችሁ፣ አበል ትከፍላላችሁ። ለእዚያ ሥራ ደግሞ መጠይቅ ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ፤ በገዛ ኪሴ ላይ እየተናገርኩ መሆኔን ልብ በሉልኝ።

ልጅቷን ፎቶ ኮፒ ቤቱን እንድትተወው ለምኛታለሁ። አንድ ሳምንት ሰጥታኛለች። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ከአንዳችሁ ደጅ ትቆማለች፤ ክላሴሩ ሰማያዊ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የሶሲዮሎጂ ምሩቅ፣ ከሐዋሳ

ግልባጭ፦
በየመዝገብ ቤቱ መስኮት ለተቀመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች
በየግቢው በር ለሚገኙ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ለመረጃ ያህል